ስለ ኢትዮጵያ ጦማሮች ጠይቃችሁኝ ነበር፤ መልሱ ይኸው

ባለፈው ሳምንት «ስለ አገራችን ጦማሮች መጠየቅ የምትፈልጉት ካለ አምጡ» ብዬ ነበር። ይህን ያህል ጥያቄ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጦማር ሳነብ፣ ስጽፍና የጠፉትን ስለቅም ኖሬያለሁ። ስለዚህ የማውቀውን እነግራችኋለሁ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

«ጦማር» የሚለው ቃል ከየት መጣ? «ብሎግ» ብንል ምን አለበት?

ምንም የለበትም፣ ሁለቱም ያግባባሉ። ጦማር ግን አዲስ የተፈጠረ ቃል አይደለም። ግእዝ ነው። ደብዳቤ፣ የተጻፈ ነገር ማለት ነው። ወጣት ጸሐፊዎች ይህን አሮጌ ቃል አንስተው አቧራውን አራገፉለት። ከዚያ አረቡት፦ ጦመረ፣ ይጦምራል፣ ጦማሪ፣ ጡመራ። እኔ በጣም እወደዋለሁ። ደብዳቤ ሲባል አንድ የሚቀበለው ሰው አለ። ጥሩ ጦማር ሳነብም የሚሰማኝ ያው ነው፤ ለእኔ የተላከ ይመስለኛል።

እኛ አገር መቼ ተጀመረ? የመጀመሪያዎቹስ ለምን በእንግሊዝኛ ሆኑ?

ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ለብዙ ዓመታት ግን ከጥቂት መሥሪያ ቤቶችና ከአዲስ አበባ ካፌዎች አልወጣም። ጦማር በደንብ የታየው በ1997ቱ ምርጫ ዙሪያ ነው። ከምርጫው በኋላ በተፈጠረው ቀውስ፣ በ1998 መጀመሪያ ላይ ብዙ የግል ጋዜጦች ከገበያ ጠፉ። አዘጋጆቻቸው ታሰሩ ወይም ተሰደዱ። ጋዜጣ የለመደው አንባቢ ግን እዚያው ነበር። የሚያነበው አጥቶ ሲፈልግ ያገኘው ጦማርን ነው። በዚያ ሰሞን «ኢትዮ ዛጎል» በሚል የብዕር ስም የሚጽፈው ሰው ማን እንደሆነ ሳናውቅ በየቀኑ እንጠብቀው ነበር። «መስቀል ስኩዌር» ደግሞ አዲስ አበባ ይኖር የነበረ የውጭ አገር ጋዜጠኛ ጦማር ነበር።

እንግሊዝኛው ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው፣ ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ወይ ውጭ አገር ነበሩ ወይ ለውጭ አንባቢ ነበር የሚጽፉት። ሁለተኛውን ግን ዛሬ ሰው ረስቶታል። ፊደላችን አልታየም!

ይህን ላብራራው፣ ምክንያቱም ለእኔ የታሪኩ ዋና ነገር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒዩተር ሥርዓት) ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። መካተቱ ብቻ ግን ኮምፒዩተር ላይ አያሳየውም። በየቢሮው ፓወር ግእዝ፣ ቪዥዋል ግእዝ የሚባሉ ሶፍትዌሮች ነበሩ። እያንዳንዱ ለፊደሎቹ የራሱ ቁጥር አለው። በአንዱ የጻፍከው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ምልክት ዝርግፍ ይሆናል። ስለዚህ አማርኛ ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት የፈለገ በፒዲኤፍ ወይም እንደ ፎቶ ነበር የሚያወጣው። ፎቶን ደግሞ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። በዚያ የስልክ መስመር ኢንተርኔት አንድ ገጽ እስኪወርድ ቡና ይፈላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ ነው ሰው ምንም ሳይጭን አማርኛ ማንበብ የጀመረው። ከዚያ በፊት የምናየው ባዶ ሳጥን ነበር። ረድፍ ሙሉ ሳጥን። የአማርኛ ጦማር ዘመን የምለው እነዚያ ሳጥኖች ፊደል ከሆኑ በኋላ ያለውን ነው።

ያኔ ጦማሮች ተዘግተው አልነበር? እንዴት ታነቡ ነበር?

ከግንቦት 1998 ጀምሮ ብሎግስፖት ላይ (ብሎገር በሚባለው የጎግል ነፃ አገልግሎት የሚጻፉ ጦማሮች የሚወጡበት አድራሻ ነው) ያለ ነገር ሁሉ አገር ውስጥ አልከፈት አለ። የተዘጋው አንድ ጦማር ሳይሆን ሠፈሩ በሙሉ ነው። ስለ ግጥም የሚጽፈውም ከፖለቲከኛው ጋር አብሮ ተዘጋ። መንግሥት «አልዘጋንም» ይል ነበር።

በፕሮክሲ፣ ማለትም እገዳውን በሚያልፍ ሌላ ኮምፒዩተር በኩል፣ የሚያነብ ነበር። ውጭ ያለ ዘመድ ገልብጦ በኢሜይል የሚልክለትም ነበር። ካፌ ውስጥ ደቂቃ ስለሚቆጠር ብዙዎቻችን ጽሑፉን ፍላሽ ላይ ገልብጠን ቤት ወስደን እናነባለን። እኔ ራሴ ስጀምር በኢሜይል ነበር የምለጥፈው፤ ብሎገር ያንን ይፈቅዳል። አስተያየቱም በኢሜይል ይመጣልኛል። የራሴን ጦማር ግን ማየት አልችልም ነበር። ምን እንደሚመስል ያየሁት አንድ ጓደኛዬ ከናይሮቢ ፎቶ አንስቶ ሲልክልኝ ነው። ያን ቀን አልረሳውም።

በ2006 ልጅ ነበርኩ። ዞን ዘጠኝ ዞን ዘጠኝ ሲባል እሰማለሁ። እነማን ናቸው?

በግንቦት 2004 የተሰባሰቡ ወጣት ጦማርያን ናቸው። መምህር፣ ኢንጂነር፣ ጸሐፊ፣ የሕግ ባለሙያ ነበሩበት። ስሙ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት የመጣ ነው። ቃሊቲ በስምንት ዞን የተከፈለ ነበር። ዘጠነኛው ዞን ከግቢው ውጭ ያለው አገር ነው ለማለት ነው። መፈክራቸው «ስለሚያገባን እንጦምራለን» ነበር። ሕገ መንግሥቱ ይከበር የሚል ዘመቻ በኢንተርኔት አካሂደዋል። ጽሑፎቻቸውን መልሼ ሳነብ የሚገርመኝ እርጋታቸው ነው። ስድብ የለም። አንቀጽ ይጠቅሳሉ፣ ይከራከራሉ።

ሚያዝያ 17 ቀን 2006 እና በማግስቱ ስድስቱ ጦማርያን ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ። በፀረ ሽብር አዋጁ ተከሰሱ። ኢሜይልን ከሰላይ ስለመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ሳይቀር ክሱ ውስጥ ገባ። ሐምሌ 2007 ላይ፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ አዲስ አበባ ከመምጣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ አምስቱ ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ። ጥቅምት 2008 ላይ ፍርድ ቤቱ የቀሩትን ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው። ከጦማርያኑ አንዱ በሆነው በበፍቃዱ ኃይሉ ላይ ግን ቀለል ያለ ሌላ ክስ ቀረበት፤ እርሱም በዋስ ወጣ። በዚያው ዓመት የጋዜጠኞች መብት ተሟጋቹ ሲፒጄ ዓለም አቀፍ የፕሬስ ነፃነት ሽልማቱን ሰጣቸው።

አንዳንዶቻችሁ «ምን ለውጥ አመጡ?» ብላችኋል። እኔ የማየው ለውጥ አንድ ነው። ከእነርሱ በፊት ጦማሪ ማለት ስሙን የደበቀ ሰው ነበር። እነርሱ በስማቸውና በፎቷቸው ጻፉ። ያን ጊዜ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ለማስረዳት ቃል ያጥረኛል። ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋም ኢንተርኔት ላይ በሚያወጣቸው ጽሑፎቹ በስሙ ይጽፍ ነበር። መስከረም 2004 ታሰረ፤ 18 ዓመት ተፈረደበት፤ የተፈታው የካቲት 2010 ነው። ዋጋውን ሁሉም ያውቅ ነበር።

ሁሉም ፖለቲካ ነበር እንዴ?

ኧረ አይደለም! እንዲያውም በብዛት ይነበቡ ከነበሩት መካከል የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ የሚጽፉት ነበሩ። «ደጀ ሰላም»፣ «ሐራ ዘተዋሕዶ»፣ «አንድ አድርገን»። ሲኖዶስ ሲሰበሰብ ሰው ዜናውን ከእነርሱ ነበር የሚጠብቀው። የመጀመሪያ ጦማራቸውን በእነዚህ ያነበቡ የሰንበት ተማሪዎችና ካህናት አውቃለሁ።

የወግ ጽሑፍም ነበር። የዲያቆን ዳንኤል ክብረትን «ዕይታዎች» ያላነበበ የዚያ ዘመን አንባቢ ማግኘት ይከብዳል። ዛሬ ወደ ፖለቲካው ገብቷል፤ ሰው ስለ እርሱ ያለው አስተያየትም ይለያያል። ያኔ ግን ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ስክሪን ላይ ቁጭ ብሎ ማንበብን ለብዙ ሰው አስለምዷል። ይህን መካድ አልችልም።

ገንዘብ ይገኝበት ነበር?

አይገኝም ነበር። የጎግል ማስታወቂያ ለረጅም ጊዜ አማርኛን ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች ውስጥ አላስገባም። እንዲያውም ወጪ ነበረው። የራስህን አድራሻ ለመግዛት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ እሱን ደግሞ ማን አለው? የእኔን የምትከፍልልኝ አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ነበረች። አንድ ዓመት ቤት ስትቀይር ረሳችው። አድራሻውን ሌላ ሰው ወሰደው። የአራት ዓመት ጽሑፍ የሚያመለክቱ ሊንኮች ሁሉ በአንድ ቀን ሞቱ። እሷ ምን ታድርግ፣ ለፍታልኛለች።

ጦማርን የገደለው ፌስቡክ ነው ይባላል። ትስማማለህ?

ግማሽ በግማሽ።

ፌስቡክ ሲመጣ ሁሉም ቀለለ። አድራሻ መግዛት የለም፣ ስልክህ ላይ ትጽፋለህ፣ አስተያየቱ በደቂቃ ውስጥ ይመጣል። ያ ሁሉ ጦማሪ ለምን እንደሄደ ይገባኛል። እኔም ሄጃለሁ። አንባቢው እዚያ ነበረ። መዘጋት የሰለቸው ጸሐፊም ሰኔ 2010 ከ200 በላይ ድረ ገጾች ሲከፈቱ አልተመለሰም። በሩ ሲከፈት ቤቱ ባዶ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ማንበብ ግን አልሞተም። «ሰው ረጅም ነገር አያነብም» የምትሉት ውሸት ነው። ስለ አንድ የመሬት ጉዳይ ወይም ስለ አንድ የታሪክ ክርክር የተጻፈ ሦስት ሺህ ቃል ፌስቡክ ላይ ሰው ሲቀባበለው አያለሁ። የጠፋው ማስቀመጫው ነው። ያ ጽሑፍ ከሁለት ወር በኋላ የት አለ? በርዕስ ፈልጉት። የጸሐፊውን ገጽ ወደ ታች ስትጎትቱ ትውላላችሁ። አካውንቱ ከተዘጋ ደግሞ አብሮ ሄደ። እኔ የ2005ን የጦማር ጽሑፍ በአንድ ደቂቃ አገኛለሁ። የ2011ን የፌስቡክ ጽሑፍ ግን ፈልጌ አጥቻለሁ፤ ያ ዓመት ደግሞ ብዙ የተጻፈበት ዓመት ነው። የዚያን ዘመን ክርክር ለማጥናት የሚነሳ ተማሪ ምን ይዞ ይጠቅሳል? ስክሪንሾት?

ቴሌግራም ቻናል አለኝ። እሱ አይበቃም?

ከፌስቡክ ይሻላል፤ ቢያንስ ወደ ኋላ ሄዶ መፈለግ ይቻላል፣ ይፋዊ ቻናልም በሊንክ ይጠቀሳል። ነገር ግን ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ አንድ ላይ ተገድበው እንደነበር አስታውስ። ሁሉንም እንቁላል አንድ ቅርጫት ውስጥ አታድርግ። ጽሑፉን ጦማር ላይ አውጣና ሊንኩን ቻናልህ ላይ ለጥፍ። ሁለቱም ይኑሩህ።

አሁን መጻፍ ያሳስራል?

የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ማወቅ ያለባችሁን ግን ልንገራችሁ። የድሮው የፀረ ሽብር አዋጅ 652/2001 በአዋጅ 1176/2012 ተተክቷል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው ደግሞ አዋጅ 1185/2012 ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሊጣልበት ይችላል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ 958/2008 ነው። ሦስቱንም ፈልጋችሁ አንብቡ፤ በአማርኛ ተጽፈዋል፣ ረጅምም አይደሉም። ከአዋጁ ባሻገር ያለውን ስጋት እኔ አላቃልልባችሁም። እንደየቦታችሁና እንደምትጽፉት ነገር እናንተው መዝኑት።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። መጀመር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ጎበዝ! መጀመሪያ የምታውቂውን አንድ ነገር ምረጪ። የምትማሪው እርሻ ከሆነ ስለ አፈር ጻፊ። በአማርኛ ስለ አፈር የሚጽፍ ሰው በጣም ያስፈልገናል። ስለ አገር ጉዳይ አስተያየት የሚሰጥ ሞልቷል።

ነፃውን ብሎገር ወይም ዎርድፕሬስ ተጠቀሚ። አድራሻ ለመግዛት አትቸኩይ፤ የእኔን ታሪክ ነግሬሻለሁ። ርዕሱን በጽሑፍ እንጂ በፎቶ ላይ አትጻፊ።

ስለ ሞክሼ ፊደላት ደግሞ አደራ። ጎግል «ፀሐይ»ን እና «ጸሀይ»ን ሁልጊዜ አንድ ቃል አድርጎ ላያያቸው ይችላል። «ዓለም»ና «አለም»ም እንደዚያው። አንዱን አጻጻፍ ምረጪና ጽሑፉ ውስጥ እሱን ብቻ ተከተይ። ሌላውን አጻጻፍ አንድ ጊዜ መለያ ቃሎቹ ላይ ጨምሪው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሰው ፈልጎ እንዲያገኝሽ የሚያደርገው እሱ ነው።

እና በየወሩ መጨረሻ ሁሉንም ኮፒ አውርጂ። ብሎገርም ዎርድፕሬስም ሙሉ ጦማርን በአንድ ፋይል ማውረድ ይፈቅዳሉ። ፍላሽ ላይም ለጓደኛሽም አስቀምጪ።

አባቴ በ2003 አካባቢ ጦማር ነበራቸው። አሁን በሕይወት የሉም። አድራሻው አይከፈትም። ማግኘት ይቻላል?

ነፍስ ይማር። ይቻል ይሆናል፣ ተስፋ አትቁረጥ። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባል ድርጅት «ዌይባክ ማሽን» በሚለው አገልግሎቱ የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ ያስቀምጣል። አድራሻውን በትክክል ማወቅ ግን ያስፈልጋል። በስማቸው ብቻ መፈለግ ብዙም አይረዳህም። አድራሻውን ከረሳኸው የድሮ ኢሜይሎቻቸውን እይ፤ አስተያየት በተሰጠ ቁጥር ብሎገር የላከላቸው መልእክት ውስጥ አለ። ጓደኞቻቸውንም ጠይቅ፤ ያኔ ጦማሪ ሁሉ የጓደኞቹን ጦማሮች በጎን ይዘረዝር ነበርና የአንዱ ቅጂ ከተገኘ ወደ ሌላው ይመራል።

ስታገኘው ጽሑፉ የተመሰቃቀለ ላቲን ሆኖ ከታየህ አትደንግጥ። በዩኒኮድ አልተጻፈም ማለት ነው። የተጻፈበት ሶፍትዌር ከታወቀ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ይቻላል። ፋይሉን ላክልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብዬ እሞክረዋለሁ።