«ሕመሜን ያውቃሉ» ማለት አይበቃም

ጥያቄ፦ መልቲፕል ስክሌሮሲስ (ኤምኤስ) የሚባል፣ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሚያጠቃ የነርቭ ሕመም እንዳለብኝ ከታወቀ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ለወራት ደህና እከርምና በድንገት ያገረሽብኛል። መሥሪያ ቤቴ «ደጋግመሽ ቀርተሻል» ብሎ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ኃላፊዬ ደግሞ «በፈቃድሽ ብትለቂ ይሻልሻል» ብሎ የመልቀቂያ ደብዳቤ ራሱ አስጽፎ እንድፈርም አመጣልኝ። ሕመሜን ያውቃሉ። ሊያባርሩኝ ይችላሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያንን ደብዳቤ እንዳይፈርሙ። ፈርመው ከሆነ ዛሬውኑ ጠበቃ ጋ ይሂዱ። በፈቃዱ ለቅቄያለሁ ብሎ የፈረመ ሰው ኋላ ተባረርኩ ብሎ ማስረዳት በጣም ይከብደዋል።

ሕጉን ባጭሩ ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 27 በሥራ ቦታ በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግ ይከለክላል። ተመጣጣኝ ማመቻቸት፣ ማለትም ሠራተኛው ሥራውን መሥራት እንዲችል የሚደረግ ማስተካከያ፣ እንዲደረግም ይጠይቃል። የሕመም ፈቃዱ ርዝመትና የክስ ማቅረቢያው ቀነ ገደብ ግን እንደየአገሩ ነው። ቀነ ገደቡ አጭር ሊሆን ስለሚችል ጊዜ አይስጡት።

እኔን ያሳሰበኝ «ሕመሜን ያውቃሉ» ያሏት ነገር ናት። እንዴት ነው የሚያውቁት? በጽሑፍ አሳውቀዋል ወይስ ለአንዲት ባልደረባ ኮሪደር ላይ ነግረዋት ነው? በቀሩባቸው ቀናት ፎርም ላይ ምክንያቱ ምን ተብሎ ተሞላ? ይህን አልጻፉልኝም። ያልጻፉበት ምክንያት ይገባኛል ብዬ እገምታለሁ።

ኤምኤስ ያለባቸው ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። አንድ ጠዋት እግር ደንዝዞ አልታዘዝ ይላል፤ ወይ አንዱ ዓይን ይጋረዳል። ያን ሁሉ ለኃላፊ በስልክ ማስረዳት ያደክማል፣ ያስፈራልም። ስለዚህ «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ይባላል። ሲደገም «ራስ ምታት»። የአንዲት ደንበኛዬን የሥራ ማህደር ስገልጥ ጉንፋን አምስት ጊዜ፣ ራስ ምታት ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ኤምኤስ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። አሠሪው «አላውቅም ነበር» አለ፤ ወረቀቱም ደገፈው። እውነቱን ልትናገር ስትነሳ ደግሞ «ታዲያ ያኔ ለምን ዋሸሽ?» ተባለች። እርስዎም እንዲህ አድርገው ከሆነ፣ ፍርሃቱ ቢገባኝም ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። የድሮውን ፎርም ግን አይነካኩ። ሐኪምዎንም ያለፈ ቀን አድርገህ ጻፍልኝ አይበሉ። ያ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

የሐኪም ደብዳቤም ወጥመድ አለው። ደህና በሆኑበት ቀን ሄደው «ለሥራ ብቁ ናት» የሚል አንድ መስመር ይዘው ይመለሳሉ። ይህ ወረቀት በቀጣዩ ማገርሸት በእርስዎው ላይ ይጠቀስብዎታል። የነርቭ ሐኪምዎ የሕመሙን ጠባይ ይጻፍ፦ መቼ እንደሚያገረሽ አስቀድሞ እንደማይታወቅ፣ አንዱ ማገርሸት ለቀናት ወይም ለሳምንታት ሊቆይ እንደሚችል፣ ከዚያ ወዲያ መሥራት እንደሚችሉ፣ ድካምና ሙቀት ምልክቶቹን እንደሚያባብሱት።

ደብዳቤውን አያይዘው የሚፈልጉትን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የሥራ ሰዓት መለዋወጥ፣ ከቤት መሥራት፣ በመሃል ማረፊያ። ሲያስገቡ የተቀበሉበትን ማህተምና ቀን በቅጂዎ ላይ ያስመቱ።

ጠበቃ ጋ ሲሄዱ ውልዎን፣ ማስጠንቀቂያውን፣ የኤምአርአይ ውጤቱንና ያንን ያልፈረሙትን ደብዳቤ ይያዙ። የፎርሞቹንም ነገር አይደብቁት፤ ከተቃራኒ ወገን አፍ መጀመሪያ እንዳይሰማው።