62ቱ ቀን ከየት ይጀምራል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘችና ጂፒዋ (የሰፈር ሐኪሟ) "በአስቸኳይ" ብሎ ወደ ሆስፒታል ጻፈላት። ካንሰር መሆኑ ተነግሮናል፣ ሕክምናው ግን ገና አልተጀመረም። ሕክምና እስኪጀመር የሚጠበቀው አንዱ 31 ቀን ነው ይለኛል፣ ሌላው 62፤ ግራ ገባኝ። እሷ ደግሞ "ፋሲካን አገር ቤት ውዬ ልምጣ" እያለች ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ በቅድሚያ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ።

ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የሚለያዩት መነሻቸው ላይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ 62ቱ የሚቆጠረው የጂፒው ደብዳቤ ሆስፒታል ከደረሰበት ቀን አንስቶ የመጀመሪያው ሕክምና እስኪጀመር ነው። 31ዱ ግን ዘግይቶ ነው የሚነሳው፤ ሐኪሙና እናትሽ "በዚህ ሕክምና እንጀምር" ብለው ከተስማሙበት ቀን። ስለዚህ "31 ቀን አልሞላም" ቢሉሽ፣ ከዚያ በፊት በስካንና ናሙና በመጠበቅ ያለፈው ጊዜ ሁሉ እዚያ ውስጥ የለም። 28 ቀን የሚባልም አለ። እሱ ካንሰር ነው ወይም አይደለም ብሎ ለመንገር ነው፣ እናንተ አልፋችሁታል።

ሕክምና ሲባል ቀዶ ሕክምና ብቻ እንዳይመስልሽ። ኬሞም ሆነ ጨረር፣ ወይም ዋና ሕክምና ተብሎ የታዘዘ የሆርሞን ክኒን፣ መጀመሪያ የተጀመረው ቆጠራውን ያቆመዋል።

ግቡ ከ100 ታካሚ 85ቱ በ62 ቀን ውስጥ እንዲጀምሩ ነው፤ እንግሊዝ ግን እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በዓመት ደረጃ አሟልታው አታውቅም። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በየወሩ የሚወጣው ፐርሰንት የሚሰላው በዚያ ወር ሕክምና በጀመሩት ሰዎች ብቻ ነው። ገና ወረፋ ላይ ያለው ሰው እዚያ ቁጥር ውስጥ አይታይም፣ እና አንድ ሆስፒታል ብዙ የቆዩትን ጠርቶ ማከም ሲጀምር ቁጥሩ ያሽቆለቁላል፣ ዝም ብሎ ሲያቆያቸው ያምርለታል። ጉድ እኮ ነው! ስለዚህ ፐርሰንቱን አይተሽ አትደናገጪም፣ አትዘናጊምም።

ወደ ፋሲካው ልምጣ። እናትሽ የተሰጣቸውን የሕክምና ቀን በራሳቸው ምክንያት ካራዘሙ ያ ጊዜ ከቆጠራው ሊቀነስ ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ ማንም አልዘገየም ይባላል፣ ካንሰሩ ግን በዓል አያውቅም። ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ሆስፒታሉ ለመደበላቸው የካንሰር ነርስ ደውዪና መነሻው የትኛው ቀን እንደሆነ፣ ዛሬ ስንተኛው ቀን ላይ እንዳላችሁ፣ ሕክምናው መቼ እንደታሰበ ጠይቂ። ከተቻለ መልሱን በኢሜይል እንድትልክልሽ አድርጊ።