ጎንደር ነፃ የወጣችው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ በሠፈራችን ለአርበኞች ቀን በምንሰቅለው ጨርቅ ላይ «ጎንደር ነፃ የወጣችበት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.» ብለን ልናጽፍ ነው። ልክ ነን?
የዕድር አስተባባሪ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ቀኑ ለበዓሉ ልክ ነው፣ ለጎንደር ግን አይደለም። ሚያዝያ 27 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ የገቡበት ዕለት ነው፤ ያኔ ጎንደር ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። ቁልቋል በር ላይ ከባድ ውጊያ ተደርጎ የጎንደሩ የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በመካከል ከ6 ወር በላይ አለ። ይህን ጊዜ መዝለል እስከ መጨረሻው የተዋጉትን መዝለል ነውና፣ እባካችሁ ሁለቱንም ቀን ጻፉ።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የፈረንጅ ቀን ሲመለስ ነው። ከኖቬምበር 1941 ላይ 8 ቀንሰው 1933 ይላሉ። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር ማብቂያ የሚቀነሰው 7 ነው፤ 8 የሚቀነሰው ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን ነው።

የአባት አርበኞችን ስም ስታስጽፉ ደግሞ የፈረስ ስም («አባ» ብሎ የሚጀምረው የጀግና መጠሪያ) ከአባት ስም ጋር ይምታታል። ቤተሰቡን ጠይቁ፤ መጀመሪያ ስም ከነአባት፣ ቀጥሎ የፈረስ ስሙ በትእምርተ ጥቅስ ይግባ። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ረቂቁን ለቤተሰቡ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።