የታክሲ ሂሳቤን የከፈለልኝን ወጣት ምን ልበለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ማታ ከቃሊቲ ታክሲ ተሳፍሬ ረዳቱ ሂሳብ ሲል ቦርሳዬን ብከፍት ብር የለም፣ ዋሌቴን መስሪያ ቤት ረስቼው መጥቻለሁ፣ ስልኬም ባትሪ ዘግቷል። ልጄ ትኩሳት ይዞት ሞግዚቷ ቶሎ ነይ ብላኝ ነው የምጣደፈው። ረዳቱ ውረጂ ሲለኝ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት "የሷንም ከዚህ ላይ ቁረጥ" አለው፣ በወጉ እንኳን ሳላመሰግነው ወረደ። ደርሼ ልጄን ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፣ አሁን ደህና ነው። ባለቤቴ "ለታክሲ ሂሳብ ይሄን ያህል?" ይለኛል እኔ ግን ሳስበው እንባዬ ይመጣል። ሰሞኑን ወጣቱን የታክሲ ሰልፍ ላይ አየሁት፣ ብሩን ልስጠው ወይስ ይቅር?
የቱሉ ዲምቷ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽን እንኳን ማረልሽ። "ለታክሲ ሂሳብ ይሄን ያህል" የሚለው ባለቤትሽ ብቻ አይደለም፣ የከፈለልሽ ወጣት ራሱ እንደዛ ሳያስብ አይቀርም። ይሄ የተጠና ነገር ነው። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2022 ባወጡት ጥናት፣ ቺካጎ ውስጥ በብርድ በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ የመጡ ሰዎች ትኩስ ቸኮሌት ለማያውቁት ሰው እንዲሰጡ አደረጉና ተቀባዩ ምን ያህል ደስ ይለዋል ብለው ሰጪዎቹን ጠየቁ፣ ተቀባዮቹንም ለብቻ ጠየቁ፣ የሰጪዎቹ ግምት ተቀባዮቹ ከተሰማቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም ሰጪ የሚያየው እቃውን ነው፣ ተቀባይ ግን አንድ የማላውቀው ሰው አሰበልኝ የሚለውን ነው የሚያየው። ወጣቱ የከፈለው የአንድ መንገድ ሂሳብ ነው፣ አንቺ ግን ሰው ሁሉ እያየሽ በጨለማ ከመውረድ ዳንሽ፣ ልጅሽ ጋ ደረስሽ።

እኛ ከተማው ዳር ላለን ሰዎች ደግሞ ይሄ ነገር ይብሳል ባይ ነኝ። ቱሉ ዲምቱም በይው ኮዬ ፈጬ፣ አራብሳም አባዶም ሰው የገባው በእጣ ነው፣ ከየሰፈሩ ተነስቶ፣ ብዙው ቤት ደግሞ በኪራይ ስለሆነ ጎረቤትሽን ሳትለምጂው ይቀየራል። የድሮ ሰፈርሽ ቢሆን ባለሱቁ በዱቤ ይሰጥሻል፣ ጎረቤት ልጅሽን አቅፎ ጤና ጣቢያ ይሮጣል፣ እዚህ ያንን ቦታ የሚሸፍንልሽ ብዙ ጊዜ ስሙን የማታውቂው ሰው ነው፣ ውሃ ሲጠፋ ጄሪካንሽን አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚያግዝሽ፣ መብራት ሲሄድ ደረጃውን በስልኩ የሚያበራልሽ። ስለዚህ እንባሽ አልበዛም፣ ባለቤትሽም ይሄን ቢረዳልሽ ደስ ይለኛል።

ወደ ወጣቱ ስንመጣ፣ ብሩን ባትሰጪው እመርጣለሁ፣ አይቀበልሽምም። ብሩን ለሌላ ሰው አድርጊው፣ እዛው ጥናት ላይ ደግነት የተደረገላቸው ሰዎች ቀጥለው ለማያውቁት ሰው ገንዘብ ሲያካፍሉ ለጋስ ሆነዋል፣ አንቺም ሂሳብ የጎደለው ተማሪ ታክሲ ውስጥ አታጪም። ወጣቱን ግን ሰልፍ ላይ ስታገኚው ቅረቢውና አመስግኚው፣ ምናልባት አፍሮ "ኧረ ምንም አይደል" ይልሻል፣ እዛ ላይ አታቁሚ፣ የትኩሳቱንም የጤና ጣቢያውንም ነገር ጨርሰሽ ንገሪው፣ እሱ ስለ ልጅሽ የሚያውቀው ነገር የለም።