«ከመንፈስህ ጋራ» ወይስ «ከመንፈስዎ ጋራ»?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። የ11 ዓመት ልጄን «ለትልቅ ሰው እርስዎ ነው የሚባለው» እያልኩ ነው ያሳደግኋት። ባለፈው እሁድ ቅዳሴ ላይ ሕዝቡ በሙሉ ቄሱን «ከመንፈስህ ጋራ» ሲላቸው ሰማችና ጎሸም አደረገችኝ፤ «ማሚ፣ አባን አንተ አሏቸው እኮ!» አለች። ቤት ስንገባ ደግሞ «እግዚአብሔርንስ ለምን አንተ እንለዋለን?» ብላ ጨመረችልኝ። መልስ አጣሁላት። የጸሎት መጻሕፍቱ እንደገና ሲታተሙ ይህ ቢታረም ምን ነውር አለው?

መልስ፦ ልጅዎ ጆሮ አላት። እኛ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው ስለኖርን ጆሯችን አልፎታል።

ከቄሱ እንጀምር። ካህኑ በግዕዝ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ ሕዝቡ «ምስለ መንፈስከ» ብሎ ይመልሳል። ግዕዝ «አንተ፣ አንቲ፣ አንትሙ፣ አንትን» አለው እንጂ የአክብሮት ተውላጠ ስም የለውም። ልጅ አባቱን፣ ሎሌ ንጉሡን የሚጠራው በዚያው በ«አንተ» ነው፤ ማቃለል የለበትም። የወንጌሉ ግሪክኛና የኦሪቱ ዕብራይስጥም እንደዚሁ ናቸው። ተርጓሚው የ«መንፈስከ»ን መጨረሻ «ከ» ወደ «ህ» ሲመልስ ከግዕዙ ያገኘውን አስቀመጠ። «አንቱ» እና «እርስዎ» አማርኛ በራሱ መንገድ ያበጃቸው ናቸው፤ «እርስዎ» ከ«ርእስ»፣ ማለትም ከራስ የወጣ ሲሆን ቃል በቃል «ራስዎ» እንደ ማለት ነው።

ታዲያ አማርኛው የራሱ የአክብሮት ቃል ካለው ለምን አይጠቀምበትም? አንድ ጊዜ እንሞክረውና ጮክ ብለው ያንብቡት፦ «አባታችን ሆይ በሰማያት የሚኖሩ፣ ስምዎ ይቀደስ፣ መንግሥትዎ ትምጣ፣ የዕለት እንጀራችንን ይስጡን ዛሬ፣ በደላችንንም ይቅር ይበሉን…»

ፊርማና ቀን ብቻ የቀረው ማመልከቻ አይመስልም?

ከዚህ የከፋው ግን ሰዋስዉ ነው። የአማርኛ አክብሮት የብዙ ቁጥርን ግሥ ይዋሳል። «ይስጡን» ሲባል «እርስዎ ይስጡን» ነው ወይስ «እነሱ ይስጡን»? «ይማሩን»ስ? በሰው ሰው መካከል ዐውዱ ይለየዋል፤ ችግር የለም። «አንድ አምላክ» ብሎ የሚጀምር ጸሎት ግን በየስንኙ የብዙ ቁጥር ግሥ ሲደረደርበት ምን እንደሚሆን ያስቡት። ይህን ሊቃውንቱ አስበው ያደረጉት ነው አልልም። ሕዝቡ ግን ፊደል ያልቆጠረውም ጭምር በዕለት ንግግሩ ያንኑ ይዟል፦ «እግዜር ይስጥልኝ» እንጂ «ይስጡልኝ» የሚል የለም። አራስ ሲጠይቁ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። «ማርያም ማሩሽ» ቢባል አራሷም ትስቃለች። ጃንሆይን በአክብሮት ግሥ ሲያናግር የኖረ ሕዝብ ነው ፈጣሪውን አንተ የሚለው። በድሮ ቤት አባት «አንቱ»፣ እናት «አንቺ» ይባሉ እንደነበር ልብ ይበሉ፤ እናት ከአባት ስላነሰች አይደለም።

ጻድቃን ላይ ስንደርስ ነገሩ ይጣፍጣል። ገድላቸው በአማርኛ ሲተረክ «አቡነ ተክለ ሃይማኖት ጸለዩ» እንላለን፤ መልክኣቸው (የውዳሴ ግጥማቸው) ላይ ግን «ሰላም ለዝክረ ስምከ» ይመጣና አማርኛውም «ስምህ» ብሎ ይከተላል። ስለ እሳቸው ስናወራ አንቱታ፣ እሳቸውን ራሳቸውን ስንለምን አንተታ። አንዱ ይታረም ብሎ የሚነሣ አይጠፋም፤ እኔ ባይነካ እመርጣለሁ።

በሌላ አገር ሞክረውት ምን ገጠማቸው? እንግሊዞች በ1549 (በፈረንጅ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታችም እንደዚሁ) ሊቀ ጳጳሱ ቶማስ ክራንመር ያሰናዳውን፣ በ1662 የጸናውን የጸሎት መጽሐፍ ይዘው ኖሩ። እዚያ እግዚአብሔር «ዛው» ነው፤ የእኛ «አንተ» ማለት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መንገድ ላይ «ዛው» ለቅርብና ለታናሽ የሚባል ነበር። ሰውን ሁሉ እኩል የሚያዩት ኩዌከሮች የሚባሉ ክርስቲያኖች ዳኛውንም ባላባቱንም «ዛው» በማለታቸው ብዙ ፍዳ አይተዋል። ኋላ «ዩ» መንገዱን ሁሉ ሲይዘው «ዛው» ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ቀረ፤ እዚያ ስለቀረም ሰው እንደ ልዩ ማዕርግ ይሰማው ጀመር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍቱ ሲታደሱና «ዩ» ሲገባ ምእመኑ «ክብሩን አወረዳችሁት» ብሎ አጉረመረመ፤ የወጣው ቃል ግን አንተታው ነበር! ከእንግሊዟ ቤተ ክርስቲያን የወጡት የአሜሪካ ኤጲስቆጶሳውያን በ1979 መጽሐፋቸው ሁለቱንም አትመው ተገላገሉ፤ የፈለገ በአሮጌው፣ የፈለገ በአዲሱ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካቶሊኮች ደግሞ ተቃራኒውን ሄዱ። አቡነ ዘበሰማያትን በ«ቩ»፣ ማለትም በአንቱታ፣ ሲጸልዩ ኖረው በ1966 ወደ አንተታ አዞሩት።

ያች ልጅዎን ያስደነገጠች «መንፈስህ» ራሷ ታሪክ አላት። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ካቶሊኮች ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ «ከአንተም ጋር ይሁን» ወደሚል ቀለል ያለ መልስ ለወጧት፤ ወደ 40 ዓመት ገደማ እንዲያ ሲሉ ቆይተው በ2011 ወደ «ከመንፈስህ ጋር» ተመለሱ። እኛ ዘንድ መንፈሷ መቼም አልወጣችም።

አይሁድ የሚከራከሩት በሌላ ነው። ምርቃታቸው «ባሩክ አታ» (ቡሩክ አንተ) ብሎ ይጀምራል፤ «አታ» የእኛው «አንተ» ወንድም ነው፤ «ን»ዋን ቀጣዩ ድምፅ ውጧት ነው እንጂ። አንቱታ ስለሌላቸው ጭቅጭቃቸው በትርጉሙ ነው፦ ሪፎርም የሚባሉት ለውጥ ፈላጊዎች «ሙታንን ሕያው የምታደርግ» የሚለውን «ሁሉን ሕያው የምታደርግ» አሉት፤ በ2007 የወጣው የአሜሪካ ሪፎርም መጽሐፍ ደግሞ የቀድሞውን ቃል በቅንፍ መልሶ አስገባው። በ1945 ራቢ ሞርዴካይ ካፕላን «የተመረጠ ሕዝብ» የሚለውን ያወጣበትን መጽሐፍ ኒውዮርክ ውስጥ የተሰበሰቡ ራቢዎች አወገዙት፤ መጽሐፉም ተቃጠለ። አንዳንዶች ደግሞ «አታ»ን «አት»፣ ማለትም «አንቺ»፣ አድርገው ይጸልያሉ። እንግሊዝኛው «ዩ» ጾታ ስለሌለው እዚያ ክርክሩ የሚነሣው «እሱ» ላይ ሲደርሱ ነው፤ ዕብራይስጥና አማርኛ ግን ገና ሲጣሩ ጾታ ይመርጣሉ። «እርስዎ ጾታ ስለማይለይ ይገላግለናል» የሚል ሊመጣ ይችላል። የብዙ ቁጥሩን ግሥ ግን የት ያደርሰዋል?

ደግሞስ ቢታረም አፍ ይከተላል? ግዕዙ «ሀበነ ዮም» ስለሚል በቃላችን የያዝነው «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» የሚለውን ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ስለሚወድ በእኛ አቆጣጠር የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ «ዛሬ ስጠን» ብሎ አቃናው። እስኪ አሁን ዓይንዎን ጨፍነው ይድገሙት፤ የትኛው መጣልዎት?

ስለዚህ ለልጅዎ እንዲህ ይበሏት፦ ቅዳሴው ውስጥ «መንፈስህ» የሚባለው የግዕዝ ልማድ ነው፣ ስድብ የለበትም፤ እግዚአብሔርንም አንተ እንጂ እርስዎ አንለውም። ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ልትሳለም ስትቀርብ ግን «አባ፣ ይፍቱኝ» ነው የምትለው። «ፍታኝ» ብላ ከተገኘች ጥፋቱ የመጽሐፉ አይደለም።