ባሕሩ የት፣ በለሳ የት?

ጥያቄው የመጣው ከጎንደር ምሥራቅ በለሳ፣ ከአንድ አባት ነው። «ልጄ፣ በሬዲዮ ኤልኒኖ ኤልኒኖ ሲሉ እሰማለሁ። ባሕሩ የት፣ በለሳ የት? በሚያዝያ የዘራሁት ማሽላ ዝናቡ ነሐሴ ላይ ሲቋረጥበት ገና ዘለላ ማውጣቱ ነበር። አገዳ ብቻ አጨድኩ። ለከርሞ ምን ልዝራ?»

አባቴ፣ ባሕሩስ ሩቅ ነው። በፓስፊክ ላይ የሚነፍሰው ንፋስ የሞቀውን ውሃ ወደ እስያ በኩል ይገፋል። ንፋሱ ሲደክም ውሃው ወደ አሜሪካ በኩል ይመለሳል። የባሕሩ ገጽ ከተለመደው በ0.5 ዲግሪ ሞቆ ለወራት ከቆየ ኤልኒኖ መጣ ይባላል። ግማሽ ዲግሪ ምን አላት ይሉኝ ይሆናል። ግን የሚሞቀው ድስት አይደለም፣ ውቅያኖስ ነው። ደመና የሚሰበሰብበት ቦታ ይዛወራል፤ በእኛ ላይ ደግሞ ክረምቱ ይሳሳል። በ2007 ክረምት ያየነው ይህንኑ ነው፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆነ። በ2015 ክረምት ኤልኒኖ እንደገና መጣ። (ፈረንጆቹ 2015 የሚሉት የእኛን 2007 ስለሆነ እንዳይምታታብዎ።) የሚገርመው፣ እኛን ያደረቀው ያው ኤልኒኖ ኅዳር 2016 ላይ ሶማሌ ክልልን በጎርፍ አጥለቀለቀ።

ለእርስዎ ግን ከዝናቡ መጠን ይልቅ ዕድሜው ይበልጣል። የአገሬው ማሽላ ስድስት ወር ግድም ይፈልጋል። ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ከወጣ አይደርስም። ስለዚህ ሁሉንም መሬት ለእሱ አይስጡት። ውሃ የሚይዘውን የታችኛውን ማሳ ይተዉለት። ለቀረው ጎብዬና አብሽር ከሚባሉት የተሻሻሉ የማሽላ ዝርያዎች አንዱን ይሞክሩ፤ በአራት ወር ግድም ይደርሳሉ፣ የማሽላን ሥር የሚመጠውን አረም፣ አቀንጭራንም ይቋቋማሉ። በሰኔ ቢዘሯቸው አይረፍድም። እውነቱን ልንገርዎ፣ አገዳቸው አጭር ነው፤ ለከብት መኖም ለማገዶም ያንሳል። ብቻዎን ዘርተው የጎረቤት ማሽላ ሳይደርስ የእርስዎ ከደረሰ ደግሞ ወፉ ሁሉ የእርስዎ ማሳ ላይ ነው። ከሁለት ሦስት ጎረቤት ጋር ተማክራችሁ አንድ ላይ ዝሩ። ክረምቱ ከዚያም ከዘገየ ማሾ የሚባለው ጥራጥሬ አለ፤ ሦስት ወር አይፈጅም።

ሌላው ስህተት በመጀመሪያው ዝናብ መሯሯጥ ነው። ዘሩ ይበቅልና ሳምንት ሁለት ሳምንት ፀሐይ ሲመታው ይቃጠላል። ባለሙያዎች ዝናቡ ገባ የሚሉት በሦስት ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ ነው። ይህን ለመለካት ቢሮ አያስፈልግም። አናቱ የተቆረጠ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ ከጣራና ከዛፍ አርቀው ግቢ ውስጥ ያስቀምጡ። ጠዋት ጠዋት የገባውን ይለኩና ይድፉት። የሦስቱ ቀን ተደምሮ የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ከሆነ መሬቱን ይቆፍሩ። ከታች ያለው አፈር ተጨብጦ ካልተበተነ ይዝሩ። ያም ሆኖ ከዚያ በኋላ ፀሐይ ሊያገረሽ ይችላልና ለመድገሚያ የሚሆን ዘር ጎተራ ውስጥ ይኑር።

ሽልሻሎውን፣ በበቀለው ማሽላ መካከል በበሬ ማረሱን፣ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ማሽላው ጉልበት ሲደርስ ሸልሽለው ሲጨርሱ፣ ቦዩን በየጥቂት እርምጃው በአፈር ይገድቡት። ውሃው ሳይፈስ እዚያው ይሰርጋል። ሰው የሚያደክም ሥራ ነው፤ ልጆቹ ትምህርት በሌላቸው ቀን ቢያደርጉት ይሻላል።