ቁልፉ ሳይሆን በሩ ነው የወረደው

ጥያቄ፦ ቤተሰቡ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ከቤት ልንወጣ ነው። የዋናው በር ቁልፍ ግን እየከበደ መጥቷል። በሩን በእጀታው ይዤ ብድግ ካላደረግሁት አይዞርልኝም። ሁለት ጊዜ ዘይት አጠጣሁት፣ ምንም ለውጥ የለም። አዲስ ቁልፍ ላስገጥም ወይስ ገንዘቡን ለካሜራ ላውለው?

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አይግዙ። በሩን ከፍተው ቁልፉን ያዙሩት። ክፍት ሆኖ ያለችግር ከዞረ ቁልፉ ጤነኛ ነው፤ ጣጣው ያለው በሩ ላይ ነው። «ብድግ ካላደረግሁት» ማለትዎም ወደዚያው ይጠቁመኛል።

የበሩ ክብደት ወደ ውጭ ሲጎትተው የሚውለው የላይኛው ማጠፊያ ነው። የእሱ ብሎኖች ሲላሉ በሩ ወደ ቁልፉ በኩል ያዘነብላል፤ የቁልፉ ምላስም መቃኑ ላይ ካለው ቀዳዳ ዝቅ ይላል። በሩን ዘግተው በቁልፉ በኩል ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች ይዩት። ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ካቻቢቴ ይዘው የላይኛውን ማጠፊያ ያጥብቁ። ብሎኑ ሳይዝ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ነቅለው ሙጫ የተቀቡ ቀጫጭን የእንጨት ስንጥሮች ይጠቅጥቁበትና ሲደርቅ ብሎኑን መልሰው ያጥብቁት። አብዛኛውን ጊዜ ቁልፉ እዚህ ላይ ይለሰልሳል።

እኔን ግን ከመክበዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ምላሱ እስከ መጨረሻው መግባት አለመግባቱ ነው። በሩ ክፍት እንዳለ ቁልፉን ዙሩን እየቆጠሩ እስከ መጨረሻው ያዙሩና ምላሱ ስንት ሴንቲሜትር እንደወጣ በማስመሪያ ይለኩ። ይመልሱትና ጫፉን ጠመኔ ቀብተው፣ በሩን ዘግተው ይቆልፉ። ክፍት ሳለ ሁለት ዙር ይዞር የነበረው ቁልፍ አሁን አንድ ተኩል ላይ ከቆመ፣ ምላሱ አንድ ነገር እየገጨ ነው። በሩን ሲከፍቱ ጠመኔው ያረፈበትን ቦታ ያገኙታል። መቃኑ ላይ ባለው ብረት ጠርዝ ላይ ከሆነ ቀዳዳውን በሞረድ ትንሽ ያስፉት፤ ቀዳዳው ውስጥ ከሆነ በለኩት ልክ በመሮ ጠለቅ ያድርጉት። ግማሽ የገባ ምላስ በአንድ ጠንካራ ግፊት ሊወጣ ይችላል።

አንድ ጊዜ ሌባ የገባበት ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ባለቤቱ «ይህን የመሰለ ውድ ቁልፍ!» እያለ ይቆጫል። እውነቱን ነው፣ ቁልፉ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም፤ ምላሱ እንደወጣ በሩ ላይ ቁጭ ብሏል። የተሰነጠቀው መቃኑ ነው። ምላሱ የሚገባበትን ብረት ይዘውት የነበሩት ሁለት ብሎኖች ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይረዝሙም ነበር። የእርስዎንም ነቅለው ይዩዋቸው። አጭር ከሆኑ መቃኑን አልፈው ግድግዳውን በሚይዙ፣ 7 ወይም 8 ሴንቲሜትር በሆኑ ብሎኖች ይተኳቸው። አስቀድመው በቀጭን መሰርሰሪያ ካልበሱት ግን እንጨቱን ራስዎ ይሰነጥቁታል። በሩና መቃኑ ብረት ከሆኑ ደግሞ ሥራው የበያጅ ነው።

ከውጭ በኩል አንድ ነገር ይቀራል። ቁልፉን የሚያስገቡበት ሲሊንደር ከእጀታው ሽፋን ከ3 ሚሊሜትር በላይ ወጣ ብሎ ከታየ በፒንሳ ተይዞ ሊሰበር ይችላል። መቀየር ያለበት ያኔ ነው፤ እሱም ሲሊንደሩ ብቻ እንጂ ሙሉ ቁልፉ አይደለም። ሲገዙ ልኩን የሚወስዱት ሲሊንደሩን በበሩ ጠርዝ በኩል ከሚይዘው ብሎን መሃል ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ለየብቻ ነው። ዘይቱንም ይተዉት፤ አቧራ ይሰበስብና ውስጡን ያጨቀየዋል። ለቁልፍ የሚሆነው ግራፋይት፣ ማለትም እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ነው። ዱቄቱ ከሌለዎት የቁልፉን ጥርስ በእርሳስ ደጋግመው ያጥቁሩትና ያስገቡት።

ካሜራው ካልቀረ ኋላ ይደርሳል፤ ካሜራ ያያል እንጂ በር አይይዝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀንና ሌሊት የሚበራ መብራትም «ሰው የለም» ብሎ እንደመናገር ነው፤ በሰዓት የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ ይሻላል። ትርፍ ቁልፍ ለሚያምኑት ጎረቤት ይስጡ። ምንጣፍ ሥርና የአበባ ማሰሮ ውስጥ የሚደብቁ ሰዎች ሌባውም እዚያው እንደሚፈልግ ለምን እንደማይታያቸው አይገባኝም።

ይህን ሁሉ በጉዞው ዋዜማ እንዳይሠሩት። አዲስ የታሰረ ማጠፊያ በሩን ተሸክሞ ትንሽ ሊረግብ ስለሚችል ከአሥር ቀን በፊት ይጨርሱትና በየቀኑ እየቆለፉ ይሞክሩት። በመውጫዎ ቀን ቁልፉ በሩን ሳያነሱ በሁለት ጣት ሙሉ ሁለት ዙር ከዞረ ሻንጣዎን ያንሱ።